የጎደሉት ሰማንያ ስድስት

ኅዳር 9 ቀን 2017፣ ሰኞ

ከእፀገነት ጋር መዝገብ ቤት ሄደን ባዶ እጃችንን ተመለስን። በትክክል ልጻፈው።

እፀገነት ያስተማርኳት ልጅ ናት። ከፃግብጂ መጥታ፣ እዚህ ሰቆጣ ቤት ተከራይታ ነው ዘጠነኛና ዐሥረኛን የተማረችው። አሁን ጤና ጣቢያ ወለል ትወለውላለች። አንድ ኮሌጅ ለአዋላጅነት ሥልጠና ተቀብሏታል፤ ነገር ግን የሁለቱን ዓመት ውጤት ማኅተም አስመትታ እስከ ጥር 5 እንድታቀርብ ይጠይቃል። መዝገቡ በጦርነቱ ጊዜ ትምህርት ቤታችን ሲዘረፍ ከነመደርደሪያው ተቃጥሏል። እሷ ዘንድ የነበረው ካርድም ከእናቷ ቤት ጋር ጠፍቷል።

የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ምንይሉ ይባላል። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ጠረጴዛው የጸዳ ሰው ነው። ጠረጴዛው የጸዳው የሚቀመጥበት ወረቀት ስለሌለ ነው።

«መዝገቡ የለም እማማ» አለኝ። «የለም ብለን በ2015 ሪፖርት አድርገናል። ማስረጃ የሌለው ተማሪ ከዘጠነኛ ይጀምራል። መመሪያ ነው።»

«ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው።»

«ትምህርት ዕድሜ አይመርጥም።»

«እማማ አይደለሁም፤ መምህርት የትናየት ነኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ። መዝገቡም አለ።»

«የት?»

«ክላውድ ላይ።»

ወደ ላይ ቀና ብሎ አይቶ ሳቀ። ኮርኒሱና ቆርቆሮው ስለወለቁ በዚያ በኩል ሰማዩ ይታያል። እኔ አልሳቅሁም።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ከ2009 እስከ 2013 አንድ የእርዳታ ድርጅት ፕሮጀክት ነበረው። ላፕቶፕ ሰጠን። በየዓመቱ መጨረሻ እኔና ሁለት ባልደረቦቼ የውጤት ሮስተሩን ከወረቀት ላይ እያነበብን አስገባን። የገባው ሁሉ ክላውድ፣ ማለት «ደመና» የሚሉት የኢንተርኔት ማከማቻ፣ ላይ ወዳለ ዳታቤዝ ይሄድ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ድርጅቱ ወጣ፤ ውጤቱን እንመለከትበት የነበረው ድረ ገጽም ተዘጋ። ላፕቶፑ ግን እኔ ጋ ቀርቷል።

ሐይደር ጋ ደወልኩ። የነጋዴው የዑስማን ልጅ፣ የእኔ ተማሪ፣ በኋላ ደግሞ የዚያ ፕሮጀክት የኮምፒውተር ባለሙያ ነበር። አሁን አዲስ አበባ ይሠራል።

«ቲቸር፣ የሞተው ድረ ገጹ ነው እንጂ ዳታቤዙ አልሞተም» አለኝ። «ግን ውሉ ታኅሣሥ 30 ያበቃል። ከዚያ በኋላ ያጠፉታል። የይለፍ ቃልዎን ይላኩልኝና በግማሽ ሰዓት አወጣልዎታለሁ።»

«አልልክም። ለማንም አልሰጥም ብዬ ፈርሜያለሁ።»

«ያስፈረመዎት ድርጅት እኮ የለም!»

«ፊርማዬ አለ።»

«እንግዲያው ኮዱን ራስዎ ሊጽፉት ነው» አለ። እንደ ማስፈራሪያ ነው የተናገረው።

«ላክልኝ፤ አነበዋለሁ» አልኩት።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ሐይደር የላከልኝን ዐሥራ አንድ ገጽ አራት ቀን አነበብኩ። ዋናው ጉዳይ ዳታ አዳፕተር የሚባለው ነው። በራሴ አነጋገር ካልጻፍኩት አልገባኝም ማለት ነው፤ ስለዚህ ልጻፈው።

ድሮ መዝገብ ቤት ሄደን ውጤት ስንገለብጥ ሁለት ዓይነት መምህራን ነበርን። አንደኛው መስኮቱ ላይ ቆሞ አንድ ስም ያነባል፣ ይጽፋል፤ ሌላ ስም ያነባል፣ ይጽፋል። ጸሐፊዋ መስኮቱን ስትዘጋ ሥራው እዚያው ይቆማል። ሁለተኛው የሚፈልገውን ጽፎ ይሰጣል፤ ሙሉውን በአንድ ጊዜ አስገልብጦ ይወስድና መምህራን ክፍል ቁጭ ብሎ ይሠራበታል። መስኮቱ ቢዘጋም ግድ የለው።

አዳፕተሩ ሁለተኛው መምህር ነው። ሁለት ነገር ይዞ ይሄዳል፤ የት እንደሚሄድና ምን እንደሚጠይቅ። «ሙላ» ሲሉት በሩን ይከፍታል፣ የተጠየቀውን ረድፍ ሁሉ ያመጣል፣ እኔ ባዘጋጀሁት ባዶ ሠንጠረዥ ውስጥ ይሞላል፣ በሩን ዘግቶ ይመለሳል። ኔትወርክ ብልጭ ብሎ ለሚጠፋበት አገር የታሰበ ይመስላል።

ባዶውን ሠንጠረዥ በጥንቃቄ አዘጋጀሁ። ለእያንዳንዱ ዓምድ ዓይነቱን ወሰንኩለት። ስም ጽሑፍ ነው፤ ውጤት ቁጥር ነው፤ የተመዘገቡበት ቀን፣ ቀን ነው። ሐይደር «ሁሉንም ጽሑፍ ቢያደርጉት ይቀልዎታል» ብሎ ነበር። እኔ ዝርክርክ ሥራ አልወድም።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

መብራት ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የለም። ላፕቶፑን ዑስማን ሱቅ ወስጄ ሶላሩ ላይ ሰካሁት። ከስኳሩ ጆንያ ጀርባ ወንበር ሰጠኝ።

ጨው ሊገዛ የመጣ ሰው፣ «ይቺ መምህርት እዚህ ምን ትሠራለች?» ሲል ሰማሁት።

«መዝገብ ከሰማይ እያወረደች ነው» አለ ዑስማን።

«እንግዲያው ዝናብም ትጨምርበት።»

ሁለቱም ሳቁ። ሰውዬው ከሄደ በኋላ ዑስማን አጠገቤ መጥቶ፣ «መምህርት፣ አፍንጫሽ ስክሪኑን ሊነካ ነው» አለኝ። ስክሪኑ አርጅቷል። የፊደሉን መጠን ከዐሥራ አራት ወደ ዐሥራ ስምንት አድርጌዋለሁ።

ኅዳር 20፣ ዓርብ

ዐሥራ ሰባት ጊዜ ሞከርኩ። ዐሥራ ሰባት ጊዜ እምቢ አለ። እያንዳንዱን እምቢታ ቁጥር ሰጥቼ ጻፍኩት።

ዐሥራ ስምንተኛው ላይ አገኘሁት። በዳታቤዙ አድራሻ ውስጥ አንዲት ነጥብ ዘልያለሁ። ተማሪ ቢሆን ኖሮ ነጥብ እቀንስበት ነበር። ራሴ ላይ ሁለት ቀነስኩ።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

ኔትወርኩ የሚሻለው ጎህ ሲቀድ ነው። ጓሮ ካለው ድንጋይ ላይ ስልኬን አስቀምጬ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ «ሙላ» አልኩት። በሩ ተከፈተ! ረድፎቹ መምጣት ጀመሩ፤ ከዚያ መሐል ላይ ቆመና ወረወረኝ። አንዱ ረድፍ ለሠንጠረዡ አልተስማማም ይላል።

ሐይደር ጋ ደወልኩ። ሥራ ሊገባ ቸኩሎ ነበር። «ቲቸር፣ አንድ መስመር ይጨምሩ፤ ያልተስማማውን ዝለልና ቀጥል ይበሉት» አለኝ። መስመሯን ነገረኝ፤ ጻፍኳት።

አራት ሺህ አንድ መቶ ዐሥራ ሰባት ረድፍ!

ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ጮህኩ መሰለኝ። የጎረቤት ውሻ መለሰልኝ።

ያው ቀን፣ ማታ

እፀገነት ከሥራ እንደወጣች መጣች። እጇ የበረኪና ሽታ አለው። አጠገቤ አስቀምጬ ስሟን ፈለግሁ።

የለም።

በአባቷ ስም ፈለግሁ። በተማሪ ቁጥሯ ፈለግሁ። በ2010ም በ2011ም የለችም።

«ምናልባት እኔን ሳያስገቡኝ ቀርተው ይሆናል ቲቸር» አለች፣ ቀስ ብላ። ልታጽናናኝ ነው።

«አስገብቼሻለሁ» አልኳት።

ማስገባቴን በምን አውቃለሁ? ከዚያ ሁሉ ስም መካከል? ግን አውቃለሁ።

ኅዳር 27፣ ዓርብ

አሮጌ የኪስ ደብተሬን አወጣሁ። በየዓመቱ ስንት ረድፍ እንዳስገባን፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው የተማሪ ቁጥር ስንት እንደሆነ በእጄ ጽፌዋለሁ። የአምስቱ ዓመት ድምር 4203። የመጣልኝ 4117። የጎደለው 86።

ሐይደር፦ «ቲቸር፣ ሁለት በመቶ እኮ ነው። ሁለት በመቶ በየትም አገር ይጠፋል።»

«ሁለት በመቶ ስም የለውም። እነዚህ ስም አላቸው።»

«እሺ፣ የይለፍ ቃሉን...»

ዘጋሁበት። ከዚያ መልሼ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁት። የይለፍ ቃሉን ግን አልሰጠሁትም። ሰጥቼው ቢሆን ኖሮ ይኼኔ እፀገነት ወረቀቷን ይዛ ነበር ይሆን? ይህን ጥያቄ ዛሬ ሁለት ጊዜ አስቤዋለሁ። ሦስተኛ አላስበውም።

ታኅሣሥ 2፣ ረቡዕ

ምንይሉ መንገድ ላይ አገኘኝ። «ሰማሁ፤ አብዛኛው መጣ አሉ። ልጅቷ ግን የለችም አሉ» አለ።

«ትመጣለች።»

«መምህርት፣ ልጅቷን በከንቱ ተስፋ አያንጠልጥሏት። ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ሳይጀምር ዘጠነኛ ትመዝገብ። እኔ ራሴ አስገባታለሁ።»

ክፋት የለውም። የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

የአንድ ዓመት ቁጥሮችን በእጅ አመሳከርኩ። የፊደል መጠን ሃያ አራት። በዚህ መጠን ስክሪኑ የሚይዘው ዘጠኝ ረድፍ ብቻ ነው፤ ሥራው ይንቀረፈፋል።

ዑስማን፣ «ያ የዓይን ሐኪም ጎንደር ሂጂ ብሎ የጻፈልሽ ወረቀት የት ደረሰ?» አለኝ። እዚህ ደብተር ውስጥ ነው። ለዕልባት ጥሩ ነው፤ ወፍራም ወረቀት ነው።

ታኅሣሥ 8፣ ማክሰኞ

እፀገነት ሳትቀመጥ ነው የተናገረችው። «ቲቸር፣ ዩኒፎርም የት እንደሚሰፋ ጠየቅሁ።»

«የማን ዩኒፎርም?»

«የዘጠነኛ።»

«ማን ላከሽ?»

«ማንም። ጤና ጣቢያ ያሉት፣ ‹ከልጆቹ ጋር ተሰልፈሽ መዝሙር ስትዘምሪ እናይሻለን› እያሉ ይስቁብኛል። አንዷ ነርስ ግን፣ ‹ኮሌጁ ቦታሽን ለሌላ መስጠቱ አይቀርም፤ ዘንድሮ ተመዝገቢና ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሰሽ ከአራት ዓመት በኋላ ሞክሪ› አለችኝ። እናቴም ደክማለች።»

እናቷ ኽምጣንጋ እንጂ አማርኛ ብዙም አትናገርም። ልጇን በመጀመሪያ ይዛት የመጣች ጊዜ ስንነጋገር የምታስተረጉምልን እፀገነት ራሷ ነበረች። ሴትዮዋ የተናገረችው ሁሉ «ታስገቧታላችሁ ወይ?» የሚል ብቻ ነበር።

«ዩኒፎርም አታሰፊም» አልኳት። ድምፄ ከፍ አለ። የክፍል ውስጥ ድምፄ ነው። ደንግጣ «እሺ» አለች።

መቆጣት አልነበረብኝም። የተቆጣሁት እሷን አይደለም።

ታኅሣሥ 10፣ ሐሙስ

አገኘሁት። በቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

አንድ፤ ከየዓመቱ የጎደሉት ቁጥሮች የተበታተኑ አይደሉም። ሁሉም የየዓመቱ የመጨረሻ ቁጥሮች ናቸው። ከ2009 ዐሥራ ዘጠኝ፣ ከ2010 ሃያ ሦስት፣ ከ2011 ሃያ አንድ፣ ከ2012 ዘጠኝ፣ ከ2013 ዐሥራ አራት። ቁጥር የምንሰጠው ሲመዘገቡ ነው። ስለዚህ የጎደሉት በመጨረሻ የተመዘገቡት ናቸው።

ሁለት፤ በመጣው ሠንጠረዥ ውስጥ የመጨረሻው የምዝገባ ቀን ከአንዱ ዓመት በቀር በየዓመቱ ጥቅምት 28 ነው። ምዝገባ የምንዘጋው ግን ጥቅምት 30 ነበር።

ሦስት፤ በ2012 ብቻ ጥቅምት 29 የተመዘገቡ አሉ። በሌላው ዓመት አንድም የለም።

በዚህ በሦስተኛው ላይ ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። በ2012 ጥቅምት 29ን ምን አሳለፈው? ከዚያ ቀኑን ማሽኑ እንደሚያነበው አድርጌ ጻፍኩት። 2012፣ 2፣ 29። እኛ ሁለተኛ ወር የምንለው ጥቅምት ነው። ማሽኑ ሁለተኛ ወር የሚያውቀው የፈረንጁን ፌብሩዋሪ ነው። እሱ ደግሞ ሃያ ስምንት ቀን ነው፤ በአራት ዓመት አንዴ ብቻ ሃያ ዘጠኝ ይሆናል። በእነሱ አቆጣጠር 2012 ያ ዓመት ነው። ሠላሳ ግን መቼም አይሆንም።

ዳታቤዙ ቀኑን ያስቀመጠው እንደ ጽሑፍ ነው፤ ስለዚህ ጥቅምት 30ን ያለ ጭቅጭቅ ተቀብሏል። «ቀን ነው» ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። «ያልተስማማውን ዝለል» ብዬ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። አዳፕተሩ ጥቅምት 30 ሲደርስ እንዲህ ያለ ቀን በዓለም የለም ብሎ፣ በእኔው ትእዛዝ፣ ረድፉን ጣለው።

እነማን ናቸው ጥቅምት 29 እና 30 የሚመዘገቡት? ይህን ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም። የከተማው ልጅ መስከረም ላይ ይመዘገባል። ጥቅምት መጨረሻ የሚመጡት አጭደው፣ ከምረው፣ ስንቃቸውን ተሸክመው ከፃግብጂና ከአበርገሌ በእግራቸው የሚመጡት ናቸው። የያኔው ርዕሰ መምህር ምዝገባ መስከረም 30 ይዘጋ ሲል ቢሮው ድረስ ሄጄ የተሟገትኩት እኔ ነበርኩ። «ገብሱ መስከረም ላይ ይታጨዳል ወይ?» ብዬ ጠይቄዋለሁ። ጥቅምት 30ን ያስፈቀድኩት እኔ፣ የመጨረሻዎቹን በእጄ የመዘገብኩት እኔ፣ አሁን ደግሞ ያስወጣኋቸው እኔ።

ሐይደርን አልወቅሰውም። ጽሑፍ ያድርጉት ብሎኝ ነበር።

ታኅሣሥ 11፣ ዓርብ፣ ጎህ ሲቀድ

«ዝለል» የምትለውን መስመር ሰረዝኩ። የቀኑን ዓምድ ጽሑፍ አደረግሁት።

ሙላ።

4203።

እፀገነት፣ 2010፣ ጥቅምት 30። ሒሳብ 81። እኔው ነኝ የሰጠኋት። 2011፣ ጥቅምት 30። ሒሳብ 84።

በሩጫ ወደ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። በሩጫ ማለት በእኔ ሩጫ።

ታኅሣሥ 14፣ ሰኞ

ምንይሉ ወረቀቱን አገላበጠው። «ይህን ቤትዎ ቁጭ ብለው ነው ያዘጋጁት። እኔ ምን አውቃለሁ? ማንም ሰው ስምና ቁጥር ጽፎ ማተም ይችላል።»

በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ለአንድም ተማሪ ያልሠራውን ነጥብ ጨምሬለት አላውቅም። በዚህ ምክንያት ሠርግ ያልጠራኝ ዘመድ አለ። ይህን ሁሉ ልነግረው ነበር፤ ተውኩት። ወደ ርዕሰ መምህሩ ወደ ገብረ ጻድቅ ሄድኩና፣ «ካርዳቸው የተረፈላቸውን የቀድሞ ተማሪዎች ጥሩልኝ፤ ካርዳቸውንና የእኔን ሠንጠረዥ ፊት ለፊት አስተያዩት» አልኩት። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ሰው ይገኛል።

ገብረ ጻድቅ፣ «አንድ ቢሳሳትስ?» አለ።

«አንድ ተሳሳተ ብላችሁ ጻፉ።»

ታኅሣሥ 19፣ ቅዳሜ

አርባ አንድ ሰው ካርድ ይዞ መጣ። በላስቲክ የጠቀለለ አለ፤ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያኖረ አለ። ያስሚን የምትባለው የጨርቅ ነጋዴ ካርዷን ከመስታወት ጋር በፍሬም አሰርታው ግድግዳ ላይ እንደነበረ አንሥታ አመጣችው። «ደረጃዬ አንደኛ ስለነበር ነው» አለች። እውነቷን ነው፤ አንደኛ ነበረች።

ገብረ ጻድቅና ሁለት መምህራን ያነባሉ፤ ምንይሉ ሠንጠረዡን ይዟል። አንድ፣ ልክ ነው። ሁለት፣ ልክ ነው። ሠላሳ ላይ ሲደርሱ የተሰበሰበው ሰው አብሮ «ልክ ነው!» ማለት ጀመረ።

ሠላሳ ስድስተኛው ኪዳኑ የሚባል ሾፌር ነው። ካርዱ ፊዚክስ 87 ይላል። ሠንጠረዡ 78 ይላል።

ምንይሉ ተነሣ። «ይኸው! አንዱ ከተሳሳተ ሌላውን በምን እናምናለን?»

አስገቢው ማን እንደሆነ ዓምዱ ላይ ተጽፏል። እኔ ነኝ። ያኔ ዓይኔ ደህና ነበር፤ ምክንያት የለኝም።

ቆሜ እንዲህ አልኩ፤ «ስህተቱ የእኔ ነው፤ በስሜ ጻፉት። ኪዳኑ፣ አንተንም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ግን አቶ ምንይሉ፣ መዝገብ ሲኖር ነው ስህተቱ የሚገኘው። ‹የለም› የሚለው ያንተ ሪፖርት አንድም ስህተት አይገኝበትም፤ ምክንያቱም ምንም የለበትም።»

ኪዳኑ፣ «ቲቸር፣ ዘጠኝ ነጥብ ከወሰዱብኝ ላይቀር አምስቱን መልሱልኝ!» ብሎ ሁሉንም አሳቀ።

አርባ አንድ ካርድ፣ አርባው ልክ። ገብረ ጻድቅ ከመምህራኑ ጋር ተነጋግሮ ውሳኔውን በቃለ ጉባኤ አስጻፈ፤ ሠንጠረዡ ተቀባይነት የሚያገኘው የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ራሱ፣ በኮሚቴው ፊት፣ ከምንጩ ካወጣው ነው። ቀኑ ታኅሣሥ 28፣ ሰኞ። በማግሥቱ ገና ነው፤ ከገና በማግሥቱ ደግሞ ዳታቤዙ ይዘጋል።

ምንይሉ፣ «እኔ ኮድ አልችልም» አለ።

«ዘጠኝ ቀን አለህ» አልኩት። «እኔ ከዚህ የባሱ አስተምሬያለሁ።»

ታኅሣሥ 21፣ ሰኞ

መጣ! አይመጣም ብዬ ነበር።

የመጀመሪያ ትእዛዜ፤ እያንዳንዱን መስመር እየጻፈ ጮክ ብሎ እንዲያነብልኝ። «ለምን?» አለ። የራሱን ጽሑፍ ጮክ ብሎ ያነበበ ሰው ስህተቱን ይሰማዋል አልኩት። ይህ እውነት ነው፤ በክፍል ውስጥም እንዲሁ እል ነበር።

ታኅሣሥ 24፣ ሐሙስ

ጣቱ ከባድ ነው፤ ጭንቅላቱ ግን ይሠራል። ዛሬ አድራሻውን ሲያነብልኝ፣ «ነጥቧን ዘለልህ» አልኩት። ስክሪኑን ሳላይ። እኔና ያቺ ነጥብ እንተዋወቃለን።

ከሻይ በኋላ ብቻውን የሚናገር መስሎ፣ «እሺ፣ መዝገቡ ከተገኘ፣ እኔ የመለስኳቸውን መቶ ዐሥራ ሁለት ሰዎች ምን ልላቸው ነው?» አለ።

ቁጥሩን በቃሉ ማወቁ ገረመኝ። ስለዚህ ሰው የጻፍኩትን ሁሉ አልሰርዝም፤ ግን ይህንንም ጽፌዋለሁ።

«ጥራቸው» አልኩት።

ታኅሣሥ 26፣ ቅዳሜ

ያለ እርዳታ ሦስት ጊዜ ሞላ። በአራተኛው ኔትወርክ እንደተቋረጠ አድርጌ ስልኩን አጠፋሁበት። አልደነገጠም። «በሩ ተዘግቶ ነበር፤ ሠንጠረዡ እኔ ጋ ነው» አለ። አለፈ።

ሲነሣ የፊደሉን መጠን ሠላሳ ስድስት አድርጎ ትቶልኝ ሄደ። እኔ አላዘዝኩትም።

ታኅሣሥ 28፣ ሰኞ

ጠዋት ሦስት ሰዓት። ኮሚቴው ተቀመጠ። የይለፍ ቃሉን እኔ አስገባሁ፤ ሁሉም ፊታቸውን አዞሩ። ምንይሉ ጻፈ፣ አነበበ፣ «ሙላ» አለ።

ኔትወርክ የለም።

አራት ሰዓት፤ የለም። አምስት ሰዓት፤ የለም። አንዱ መምህር የበዓል በግ ሊገዛ ፈቃድ ጠየቀ። ገብረ ጻድቅ፣ «በጉ ይጠብቃል» አለ። እፀገነት በር ላይ ቆማለች፤ ተቀመጪ ቢሏት እምቢ አለች።

ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኩ አንድ መስመር አሳየ። ምንይሉ ማንንም ሳይጠይቅ «ሙላ» አለ። ዐርባ ሰከንድ ያህል ነው። ከዚያ መስመሩ ጠፋ።

«አመለጠን?» አለ ገብረ ጻድቅ።

ምንይሉ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብሎ ለእኔ አነበበልኝ። «አራት ሺህ ሁለት መቶ ሦስት።»

የእፀገነትን ረድፎች አወጣ። ለማተም ሲል ቆመና ወደ እኔ ዞረ። «መምህርት፣ ይህን ሠላሳ የሚለውን ሃያ ስምንት ላድርገው ይሆን? ሌላ ቦታም ማሽን ይመልስባት ይሆናል።»

«ያልመጣችበትን ቀን አትጻፍባት።»

እንዳለ አተመው። ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መታ፤ የመጀመሪያው ደብዝዞ ነበር።

ያው ቀን፣ ማታ

የኪዳኑን ፊዚክስ በግርጌ ማስታወሻ አስተካክለናል። ሠንጠረዡ ራሱ አልተነካም። ቅጂው በትምህርት ቤቱ፣ በመዝገብ ቤቱና በገብረ ጻድቅ እጅ አለ። ምንይሉ የመለሳቸውን ሰዎች ዝርዝር ይዞ ወደ ቤቱ ሄዷል። ከበዓል በኋላ በፊደል ተራ እጀምራለሁ ሲል፣ «በፊደል ተራ ሳይሆን ከቆዩት ጀምር» አልኩት።

ጥር 5፣ ሰኞ

ቀኑን ሙሉ ስልኬን ከእጄ አላወረድኩም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እፀገነት ከኮሌጁ ደወለች። ድምፅዋ ከብዙ ሰው ጫጫታ መካከል ነው የሚመጣው።

«ቲቸር፣ ወረቀቱን ተቀበሉት፤ ኮምፒውተሩ ግን ጥቅምት 30 የሚባል ቀን አልቀበልም አለ። መዝጋቢዋ ሃያ ስምንት ብዬ ላስገባውና ይለቅሽ አለችኝ። ከኋላዬ ሰልፍ ነበር፤ ‹አንቺ ልጅ፣ ሁለት ቀን ምንሽን ይነካል!› እያሉ ይጮሁብኛል።»

ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው። ለአፍታ፣ እውነት እጽፋለሁ፣ ለአፍታ «እሺ በያት» ልላት ነበር።

«ከዚያስ ምን አደረግሽ?» አልኳት።

«አይሆንም፣ በእጅ ጻፉት አልኳት። አለቃዋን ጠራች፤ አለቃዋ መጥቶ በእጅ ጻፈው። ተመዝግቤያለሁ ቲቸር። ግን አለቃው ተናዶ፣ ‹ሃያ ስምንት ብትዪ ምን ነበረበት?› አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«በሃያ ስምንት ገና እያጨድኩ ነበር አልኩት።»